«አባዬ ለሰው ሁሉ ተናግሯል»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ሃያ ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ቨርጂኒያ የመጣሁት በ15 ዓመቴ ነው። አሁን ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አደርጋለሁ። ማመልከቻው ላይ ሜጀር፣ ማለትም ዋና የትምህርት መስክ መሙላት አለብኝ፤ ጭንቀቴም እሱ ነው።

አባዬ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። እዚህ ኡበር ይነዳል። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ለጓደኞቹ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ናት» ይላል። እማዬ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ጽዳት ትሠራለች። እሷ ምንም አትልም። ጠዋት ስትገባ እግሯን እያሸች «አንቺ ብቻ ተማሪልኝ» ትለኛለች።

የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ፓይተን ነበር፤ ቢ አገኘሁ። ሁለተኛው ጃቫ ነው፤ ሲ መጣልኝ። ክፍል ውስጥ ፊት የሚቀመጡት ልጆች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ኮድ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። አስተማሪው ጠይቆ ሳይጨርስ ይመልሳሉ። እኔ ጥያቄው ራሱ የሚገባኝ ቤት ስደርስ ነው። በሳምንት 28 ሰዓት ካፌ ውስጥ እሠራለሁ።

የምወደው ሊንጉስቲክስ፣ የቋንቋ ጥናት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ወስጄው ኤ አገኘሁ። ስለ ቋንቋ ሲወራ ሰዓቱ አይታወቀኝም። ኮምፒውተር ላይ እንዲህ የሆንኩት አንዴ ብቻ ነው። ለፓይተን ክፍል ፕሮጀክት፣ በመዝሙር ግጥሞች ውስጥ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር ፕሮግራም ጽፌ ነበር። «ሰላም»ን እና «ሠላም»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ቆጠረብኝ። ምን ሆኖ ነው እያልኩ ስታገል ነጋብኝ። ግን እሱ ጨዋታ ነው፤ ሥራ አይሆንም።

የአክስቴ ልጅ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። የመኪና ኪራይ ቢሮ ነው የሚሠራው። «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁሉንም ይጽፈዋል፣ አትልፊ» ይለኛል።

ኮምፒውተር ሳይንስን ሜጀር ላድርገው? ወይስ ሊንጉስቲክስን ሜጀር አድርጌ ኮምፒውተር ሳይንስን ማይነር (ተጨማሪ ንዑስ መስክ) ልያዝ? ማይነር ከያዝኩ አባዬ «አቃታት» ነው የሚለው። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

የአባቴ ልጅ፣ ከአሌክሳንድሪያ

*

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አባትሽ ብዙ ጽፈሻል፤ ስለ አክስትሽ ልጅም እንዲሁ። ስለ ራሱ ስለ ትምህርቱ ስትጽፊ ግን ሁለት ነገሮች ገነው ወጡብኝ። አንደኛው ያገኘሻት ሲ ናት። ሁለተኛው ሳትተኚ ያደርሽባት ሌሊት ናት። ሲዋን እንደ ፍርድ ተቀበልሻት። ሌሊቷን «ጨዋታ ነው» ብለሽ አለፍሻት። እኔ ከሌሊቷ ልጀምር።

ለመሆኑ መልሱን አገኘሽው? ካላገኘሽው ልንገርሽ፤ እኔ ራሴ መጀመሪያ ያየሁት ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የእኛ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው። ሀ 4608 ሆነ። ለ 4616፣ ሐ 4624። ሠ 4640 ሲሆን ሰ 4656 ነው። ለጆሮሽ አንድ የሆኑት ሠ እና ሰ ለማሽኑ በ16 የሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ «ሰላም» እና «ሠላም» ለእሱ እንደ በግና ፍየል የተለያዩ ናቸው። ፕሮግራምሽ አልተሳሳተም። ያላወቀው ነገር ነበር፣ ያንን ሊያስተምረው የሚችለው ደግሞ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ገና አላለቀም። እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ነው የያዘው። የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍይና ቀሪውን እይ። 0 ከሆነ ግዕዝ ነው። 1 ከሆነ ካዕብ፣ 2 ከሆነ ሳልስ፣ እንዲህ እያለ 6 ሲደርስ ሳብዕ ይሆናል። ልጅ ሆነን «ሀ ሁ ሂ» እያልን በዜማ የቆጠርነው ገበታ እንዳለ ሒሳብ ሆኖ ተቀምጧል። ሠን ወደ ሰ መመለስ ከፈለግሽ በሠ ቤት ላሉት ፊደሎች ሁሉ 16 መደመር ነው። አንድ መስመር ኮድ ይበቃል።

ያን ሌሊት የታገልሽበት ነገር ስም አለው። ኮምፒዩቴሽናል ሊንጉስቲክስ ይባላል፤ ሰዎች ደመወዝ የሚከፈላቸው ሥራ ነው። አማርኛ ውስጥ ደግሞ ገና ብዙ ያልተሠራ አለ። «አልመጣችም» የምትለዋን ቃል ውሰጂ። በአንድ ቃል ውስጥ መምጣት አለ፣ እሷ አለች፣ ያለፈ ጊዜ አለ፣ አለመሆንም አለ። «መጣ» ብሎ ፊደል በፊደል የሚፈልግ ፕሮግራም «መጣች»ን ያገኝ ይሆናል፤ «ትመጣለች»ንም ያገኛል። «መምጣት» ላይ ሲደርስ ግን ያልፋታል፤ እዚያ ውስጥ ያለው «ምጣ» እንጂ «መጣ» አይደለምና። ይህን የሚፈታ ሰው ቋንቋው እንዴት እንደሚሠራም፣ ኮዱ እንዴት እንደሚጻፍም ማወቅ አለበት። አንቺ የምትወጂውና የምትፈሪው ነገር እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

እንዲህ ስልሽ «እንግዲያው ሜጀር አድርጊው» ማለቴ አይደለም። አንድ ሌሊት አንድ ሌሊት ነው። ነገር ግን አንድ ሌሊት ያህል መረጃ አለሽ፣ ያንንም ከሲዋ እኩል ሚዛን ላይ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ሲዋ ልምጣ። ከየት መጣች? ይህን ከልቤ ነው የምጠይቅሽ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ የለምና። ሐሳቡ አልገባሽ ብሎ ነው? ገብቶሽ ፈተና ላይ ሰዓት አልበቃ ብሎሽ? ወይስ እሁድ ማታ ከካፌ ተመልሰሽ ሰኞ የሚረከብ የቤት ሥራ በደከመ ዓይን ስለሠራሽ? ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። አስተማሪውን በቢሮ ሰዓቱ ሄደሽ የመጨረሻ ፈተናዬን አሳየኝ በይው። ነጥቡ የጎደለበትን ቦታ በዓይንሽ እይው። ስለ ሲ መጨነቅ የሚያበቃው ሲዋ ከምን እንደተሠራች ስታውቂ ነው።

ከአንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ወደ ሌላ መሻገር ደግሞ በራሱ ይከብዳል። ፓይተን ብዙ ይቅር ይልሻል፤ ጃቫ ሁሉንም ነገር አስቀድመሽ እንድትናገሪ ያስገድድሻል። ብዙ ተማሪ እዚያ መሸጋገሪያ ላይ ነው የሚንገዳገደው። እኔም ተንገዳግጃለሁ። በሦስተኛው ኮርስ የመጀመሪያ ፈተና ግማሽ እንኳ አልሞላሁም፤ ለእናቴ ሳልነግር ሳምንት ሙሉ ዝም ብዬ ነበር። በኋላ በዚህ ሙያ ልጆች አሳድጌያለሁ።

ፊት የሚቀመጡትን ልጆች በተመለከተ አንድ የማውቀውን እውነተኛ ነገር ልንገርሽ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃርቪ መድ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። በኮምፒውተር ሳይንስ የሚመረቁት ሴቶች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ከ10 አንድ ያህል። በ2006 ገደማ የመጀመሪያውን ኮርስ ለሁለት ከፈሉት። ከዚህ በፊት ኮድ የጻፉ ለብቻ፣ ያልጻፉ ለብቻ። ከሌሎች ለውጦች ጋር ሆኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሴቶቹ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ተጠጋ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ብልህ ሆነው አይደለም። ድሮም ይችሉ ነበር። «እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ» የሚለው ስሜት ነበር ሲያባርራቸው የነበረው። እነዚያ ልጆች ስምንት ዓመት ቀድመውሽ ጀምረዋል። ስምንት ዓመት ቀድሞ የተነሳ ሰው መንገዱ ላይ ቢቀድምሽ ምን ይገርማል? እኔን የሚገርመኝ አንቺ በሁለት ሴሚስተር፣ 28 ሰዓት እየሠራሽ፣ በሁለተኛ ቋንቋሽ እዚያው ክፍል ውስጥ መገኘትሽ ነው።

ሜጀሩ ምን እንደሆነ ግን ሳትሸፋፍኚ እይው። እስካሁን የወሰድሻቸው ሁለት ኮርሶች በሩን ነው የሚያሳዩሽ፤ ቤቱን ገና አላየሽም። ከዚህ በኋላ ዳታ ስትራክቸር ይመጣል፤ እሱ መረጃ እንዴት ተደራጅቶ እንደሚቀመጥ ነው። ዲስክሪት ማቲማቲክስ ይመጣል፤ እሱ ስለ ሎጂክ፣ ስለ ስብስብ፣ ስለ ማረጋገጫ ነው። ካልኩለስ አለ። ማሽኑ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምሩ ኮርሶች አሉ፤ አልጎሪዝምና ኦፐሬቲንግ ሲስተም አሉ። ኮድ መጻፍ የሚወዱ ሆነው ይህን ሁሉ የሚጠሉ ሰዎች አውቃለሁ። ኮድ ሲጽፉ የሚሰለቹ፣ ዲስክሪት ላይ ሲደርሱ ግን ዓይናቸው የሚበራም አሉ። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ እስካሁን የሚያሳይ ኮርስ አልወሰድሽም። ለዚህ ነው ዛሬ መልስ ስጪ ማለት የሚከብደኝ።

ማይነር ደግሞ የሽንፈት ስም አይደለም። በአብዛኛው ከ15 እስከ 21 ክሬዲት ነው፤ ከ120ው ማለት ነው። በደንብ ከመረጥሽው፣ ማለትም ዳታ ስትራክቸርን፣ ዲስክሪትንና አልጎሪዝምን ከያዘ፣ በኋላ ለማስተርስ መንገድ ይከፍትልሻል። በአደባባይ የምትታወቀውን የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ረድኤት አበበን አስቢያት። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ሃርቫርድ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የሠራችው በሒሳብ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ኮርኔል ሠራች፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆና። ወደዚህ ሙያ መግቢያው በር ብዙ ነው።

እውነቱን ንገሩኝ ብለሻልና ሌላውንም ወገን ልንገርሽ። አንዳንድ ቀጣሪ ማመልከቻ የሚያጣራው በዲግሪው ስም ነው። «ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተመሳሳይ» ተብሎ ከተጻፈ ሊንጉስቲክስ ያለው ሰው ሥራውን በሥራው ማሳየት ይጠበቅበታል። ይቻላል፣ ግን ድካም አለው። ሌላም አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ መቀመጫው የተገደበ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እንደዚያ ነው። ከሌላ ሜጀር ተነስቶ ወደ እሱ መግባት ያስቸግራል፤ ከእሱ ወጥቶ ወደ ሊንጉስቲክስ መሄድ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው።

ስለ አክስትሽ ልጅ አዝኛለሁ። ዓመት ከአራት ወር ማመልከት ሰውን ይሰብራል። የሚናገረውም ከሕመሙ ነው፤ ደግሞ ባዶ ወሬ አይደለም። የኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ በ2025 ባወጣው መረጃ ከኮምፒውተር ሳይንስ አዲስ ተመራቂዎች 6.1 በመቶው ሥራ አጥ ነበሩ። መረጃው የ2023 ሁኔታን የሚያሳይ ነው። «ይሄን ተምሮ ሥራ የሚያጣ የለም» ይባል ለነበረ ትምህርት ይህ ቁጥር ከባድ ነው። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ግን ሌላ ዓምድ አለ። ሥራ ካገኙት ውስጥ ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ያሉት ስንት ናቸው የሚል። ለኮምፒውተር ሳይንስ 16.5 በመቶ ነው። በጠቅላላው አዲስ ተመራቂ ዘንድ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ መግቢያው ጠቧል፤ የገቡት ግን በአብዛኛው የተማሩትን ነው የሚሠሩት። የአክስትሽን ልጅ ቡና ጋብዢውና እንደ ታናሽ እህት ጠይቂው። ተማሪ ሳለ ኢንተርንሺፕ አግኝቶ ነበር? ዛሬ ቢመለስ ምን ይቀይራል? ምናልባት የሚሰማው ሰው አጥቶ ይሆናል።

ስለ ኤአይ ደግሞ የማምነውን ልንገርሽ። ዛሬ ቀላል ኮድ ማሽኑ ይጽፋል፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን ስህተት ሲጽፍም እንደ ትክክሉ በልበ ሙሉነት ነው። ለምን እንደተሳሳተ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። «ሰላም» እና «ሠላም» ለምን ተለያዩ ብሎ እስኪነጋ የሚያድር ሰው ማለቴ ነው። በሠራሽው ነገር ላይ «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ የሚጎረብጥሽ ስሜት ካለሽ፣ እሱን ማሽኑ አይተካብሽም ብዬ አምናለሁ። ኮዱን መጻፉን ብቻ ከወደድሽ ግን ስጋቱ ትክክል ነው።

እንግዲህ እኔ አንቺን ብሆን ምን አደርግ ነበር? ማመልከቻው ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ ብዬ እሞላ ነበር፤ ለአባቴ ብዬ ሳይሆን መውጣቱ ከመግባቱ ስለሚቀል። ከዚያ በሚቀጥለው ሴሚስተር እዚያው ኖቫ ውስጥ ዳታ ስትራክቸርንና ዲስክሪት ማቲማቲክስን እወስድ ነበር። ሜጀር ብታደርጊውም ማይነር ብታደርጊውም ሁለቱ ያስፈልጉሻል፤ አይባክኑም። ያን ሴሚስተር ግን 28 ሰዓት አትሥሪ። ወደ 15 ወይም 18 ማውረድ ይቻል ይሆን? የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን ሄደሽ ጠይቂ፤ ፋፍሳው (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው) ላይ የተለወጠ የቤተሰብ ገቢ ካለ እንደገና እንዲያዩልሽ መጠየቅ ይቻላል። ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራም ካለ ጠይቂ፣ ቢያንስ የመንገዱን ሰዓት ታተርፊያለሽ። በደከመ ሰውነት የተወሰደ ፈተና ስለ ድካምሽ እንጂ ስለ ችሎታሽ ብዙም አይናገርም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውጤቱን ብቻ አትይ። እንደዚያች ሌሊት የሆንሽባቸው ሰዓቶች ነበሩ? ሁለቴ ወይም ሦስቴ እንኳ ከነበሩ፣ ቢ ይሁን ሲ፣ ሜጀሩን ያዢው እልሻለሁ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ እንደ መድኃኒት እየዋጥሽው ከነበረ ግን ሊንጉስቲክስን ሜጀር፣ ኮምፒውተር ሳይንስን ማይነር አድርጊና ቀና ብለሽ ሂጂ። ሁለቱን ያጣመሩ ዲግሪዎችም አሉ። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኧርባና ሻምፔይን ኮምፒውተር ሳይንስንና ሊንጉስቲክስን በአንድ ዲግሪ ያስተምራል። ከቨርጂኒያ ሩቅ ነው፣ ክፍያውም ለውጭ ስቴት ተማሪ ይከብዳል፤ የምትዛወሪበት ዩኒቨርሲቲ እንደዚያ ያለ ነገር ይኖረው እንደሆነ ግን አድቫይዘሩን ጠይቂ። ስትሄጂ ከሜጀሩ መውጣትና መግባት በምን ሁኔታ እንደሚቻል፣ ኖቫ የወሰድሻቸው ኮርሶች በምን እንደሚያዙ፣ ትራንስፈር ተማሪ ማይነሩን በሁለት ዓመት መጨረስ ይችል እንደሆነ ጠይቂና መልሱን በኢሜይል ላኩልኝ በያቸው። በቃል የተነገረ ነገር በሴሚስተሩ መጨረሻ ይረሳል።

የቀረው አባትሽ ናቸው። እኔ እሳቸውን ጨካኝ አድርጌ አላየኋቸውም። አስተማሪ የነበሩ ሰው፣ ሰሌዳና ጠመኔ ትተው፣ ኤርፖርት ተራ ይጠብቃሉ። «ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ናት» ሲሉ ስለ አንቺ ብቻ አይደለም የሚናገሩት። ድካማቸው የት እንደገባ ለሰው ማሳየት ፈልገው ነው። ስለዚህ «ሜጀሬን ልቀይር ነው» ብለሽ አትጀምሪ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ ባለበትም አትንገሪያቸው። አንድ ማታ ከሥራ ሲገቡ ቡና አፍይላቸውና የፊደሉን ቁጥር አሳዪያቸው። ሀ 4608፣ ለ 4616 በያቸው። ለ8 ሲካፈል የሚሆነውን ራሳቸው ያግኙት። አትንገሪያቸው። የሒሳብ አስተማሪ እዚያ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ከዚያ ዲስክሪት ማቲማቲክስ የሚባል ኮርስ ልወስድ ነው በያቸው። መጽሐፉን ስጪያቸው። ስብስብ፣ ሎጂክ፣ ማረጋገጫ፤ የሚያውቁት አገር ነው። በእንግሊዝኛው ተቸግረሽ የማይገባሽ ቦታ ሲኖር በአማርኛ እንዲያስረዱሽ ጠይቂያቸው። ይህን ስልሽ አባትሽን ለማባበል አይደለም፤ እውነትም ይረዱሻል ብዬ ነው። አብረው ካዩሽ፣ በኋላ ሜጀር አልሽ ማይነር አልሽ፣ «አቃታት» የሚለው ቃል ከአፋቸው ለመውጣት ይከብደዋል፤ የሠራሽውን አይተዋልና። እንዲህም ልትያቸው ትችያለሽ፦ «አባዬ፣ ስለ እኔ ለሰው ስትናገር ደስ ይለኛል። ግን የትኛውን መንገድ እንደምይዝ ገና እየለየሁ ነው። እስከ ሚቀጥለው ክረምት ጊዜ ስጠኝ፣ ያኔ የምትናገረውን ራሴ እነግርሃለሁ።»

እናትሽም «አንቺ ብቻ ተማሪልኝ» ያሉሽን ነገር አስቢው። ምን እንደምትማሪ አልመረጡልሽም እኮ።

እና ያን ፕሮግራም አትጣይው። የዚህን ሳምንት አንድ ማታ ስጪውና ሠን ወደ ሰ፣ ሐን ወደ ሀ መልሰሽ መዝሙሮቹን እንደገና ቁጠሪ። ጸ እና ፀም እንደዚሁ ይሆኑብሻል። የእነሱ ርቀት ግን 16 አይደለም። ስንት እንደሆነ አልነግርሽም፤ ስታገኚው ጻፊልኝ።